ሮሚዮና ዡልየት በሲኒማ መጋረጃ ላይ

ከጥንት ደራስያን የተወረሱ ተውኔቶች በዘመናችን በፊልም እየተሠሩ ለሕዝብ መታየታቸው፣ ይልቁንም በተማሪዎች ዘንድ ከመጽሐፉ የበለጠ መወደዳቸው፣ መምህራንን በሁለት ወገን የሚያከራክር ነገር ሆኗል። አንደኛው ወገን፣ ተማሪው ስሙን እንኳ መስማት ይሰለቸው የነበረውን ድርሰት ዛሬ ወድዶ የሚያየው በፊልም ምክንያት ስለ ሆነ፣ ፊልም ለሥነ ጽሑፍ ትልቅ ባለውለታ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ፊልሙን ያየ ተማሪ መጽሐፉን ያነበበ እየመሰለው ስለሚቀር፣ የደራሲው ቃል ተረስቶ የሥዕሉ ጌጥ ብቻ ይተርፋል ሲል ይሠጋል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አለው። ነገር ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ በደፈናው ስለሚካሄድ ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ አንድ ተውኔት ብቻ መርጠን፣ ከምንጩ ተነሥቶ እስከ ዘመናችን ፊልም የተጓዘበትን መንገድ ለመከታተል እንሞክራለን። የመረጥነውም የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የዊልያም ሼክስፒር ድርሰት የሆነውን «ሮሚዮና ዡልየት» ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህ ተውኔት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከበደ ሚካኤል ወደ ቋንቋችን መልሰው ስላቀረቡት፣ የሁለቱን ወጣቶች ስም እንግሊዝኛ ያልተማረ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ታሪኩ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። በኢጣሊያ አገር፣ በቬሮና ከተማ፣ ሞንታግና ካፑሌት የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ቤተ ሰቦች ከቀድሞ ጀምሮ ደመኞች ነበሩ። የሞንታግ ልጅ ሮሚዮ ፊቱን ሸፍኖ በካፑሌት ቤት ግብዣ ላይ ገባና የቤቱን ልጅ ዡልየትን አየ፤ ተዋደዱም። በማግሥቱ መነኵሴው ሎሬንስ በምስጢር አጋባቸው። ዳሩ ግን በዚያው ቀን የዡልየት ዘመድ ቲባልት የሮሚዮን ወዳጅ መርኩሽዮን ገደለ፤ ሮሚዮም በብስጭት ቲባልትን ገድሎ ከከተማው እንዲወጣ ተፈረደበት። አባትዋ ፓሪስ ለሚባል መኰንን ሊድራት በቈረጠ ጊዜ፣ ዡልየት ከጋብቻው ለማምለጥ ስትል እንደ ሞተ ሰው የሚያስተኛ መድኀኒት ጠጣች። ይህን ምስጢር የያዘው ደብዳቤ ለሮሚዮ ሳይደርስ ስለ ቀረ፣ እርሱ በእውነት የሞተች መስሎት በመቃብርዋ ውስጥ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። እርስዋም ነቅታ ሬሳውን ባየች ጊዜ በጩቤው ራስዋን ገደለች። ሁለቱ አባቶች የታረቁት በልጆቻቸው ሬሳ ላይ ቆመው ነው።

እኛ ይህን ታሪክ በደንብ ያወቅነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህራችን ደግና ትጉህ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን መጽሐፉ ለመላው ክፍል ሦስት ብቻ ስለ ነበረ፣ የከባድ ቃላቱን ፍች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉልናል፤ እኛም በደብተራችን እንገለብጣለን። ለፈተናው የባለታሪኮቹን ስምና የአሟሟታቸውን ተራ ሸምድደን አለፍን። ከዚያ በኋላ በአንድ የዕረፍት ቀን፣ በሠፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀምጠን በ1996 የተሠራውን ፊልም አየን። በመጨረሻው ትርኢት ሮሚዮ የመርዙን ብልቃጥ ወደ አፉ ሲያነሣ፣ አጠገቡ የተኛችው ዡልየት ዐይንዋን ገለጠች። በዚያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ «ቆይ! አትጠጣ! ነቅታለች!» እያለ ጮኸ። ከጮኹት ውስጥ ብዙዎቹ የፊልሙን እንግሊዝኛ የማይሰሙ ልጆች ነበሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መጽሐፉን ራሱን አግኝተን ስናነበው ግን፣ ያ እኛን ያስጮኸን ነገር በሼክስፒር ተውኔት ውስጥ አለመኖሩን ተረዳን። በመጽሐፉ ዡልየት የምትነቃው ሮሚዮ ከሞተ በኋላ ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ልጅ ያስጮኸው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይሆናል።

የሁለቱን ወጣቶች ታሪክ ሼክስፒር ከገዛ አእምሮው አላመነጨውም። ሉዊጂ ዳ ፖርቶ የሚባል ኢጣሊያዊ በ1530 ገደማ በታተመው ታሪኩ ፍቅረኞቹን ሮሜዎና ጁሊዬታ ብሎ ሰይሞ በቬሮና ከተማ አኖራቸው። ከእርሱም በኋላ ሌላው ኢጣሊያዊ ማቴዎ ባንዴሎ ታሪኩን አስፍቶ ጻፈው። በእነዚህ በኢጣሊያኖቹ ድርሰቶች ሴቲቱ የምትነቃው ፍቅረኛዋ መርዙን ጠጥቶ ገና ነፍሱ ሳትወጣ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ከመለያየታቸው በፊት ተነጋግረው ይላቀሳሉ። ታሪኩ ወደ ፈረንሳይኛ ሲመለስ ግን ተርጓሚው ይህን ክፍል ለውጦ፣ ወንዱ ሴቲቱ ሳትነቃ እንዲሞት አደረገ። ከፈረንሳይኛውም አርተር ብሩክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1562 በእንግሊዝኛ ረጅም ግጥም አድርጎ አሳተመው። ሼክስፒር በእጁ ይዞ የሠራበት ይህን የብሩክን ግጥም ነው።

ብሩክ በግጥሙ ውስጥ ለፍቅረኞቹ የሚራራ ቢሆንም፣ በመቅድሙ ላይ የፈረደው ፍርድ ከባድ ነው። ይህ ታሪክ የወላጆቻቸውን ሥልጣን ለሚንቁና ለፍላጎታቸው ለሚገዙ ወጣቶች መቀጣጫ ይሁን ብሎ፣ የጥፋቱን ሸክም በሙሉ በልጆቹ ላይ ይጭናል። የዘመኑ ብዙ አባቶችም በዚህ ፍርድ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ሼክስፒር ተውኔቱን የጻፈው በ1595 ገደማ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1597 ነው። ከብሩክ የተቀበለውን ታሪክ እንዳለ አልተወውም፤ ሦስት ታላላቅ ለውጦች አደረገበት። መጀመሪያ፣ በብሩክ ግጥም 16 ዓመት የሆናትን ዡልየትን ገና 14 ዓመት ያልሞላት ልጅ አደረጋት። ሁለተኛ፣ በብሩክ ዘንድ ወራት የፈጀውን ነገር ከእሑድ ጧት እስከ ሐሙስ ንጋት ባሉት ጥቂት ቀኖች ውስጥ አጣደፈው። ሦስተኛውና ዋናው ለውጥ ግን ጥፋቱን ለሁሉም ማከፋፈሉ ነው። ልጆቹ ቸኵለዋል። መነኵሴው ዝግ በሉ እያለ እየመከረ ራሱ በችኰላ ያጋባቸዋል። አባትየው በመጀመሪያ ልጁ ገና በመሆንዋ ሁለት ዓመት እንዲታገሥ ለፓሪስ ይነግረዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ሠርጉን ለሐሙስ ይቈርጣል፤ ከሐሙስም ወደ ረቡዕ ያቀርበዋል፤ እምቢ ባለችም ጊዜ ከቤቱ ሊያስወጣት ይዝታል። የከተማው መስፍን ሳይቀር የሁለቱን ቤተ ሰቦች ጠብ በጊዜው ባለማስቆሙ ሁለት ዘመዶቹን ያጣል። በዚህ ዐይነት ሼክስፒር በብሩክ መቅድም የተሰጠውን ፍርድ ሰርዞ፣ የዳኝነቱን ወንበር ለተመልካቹ ለቀቀለት ማለት ነው።

ይህ ዳኛ የተባለው ተመልካች ማን ነበር? በለንደን ቲያትር ቤቶች ባለጠጋው በሰገነት ሲቀመጥ፣ ሠራተኛውና የእጅ ሥራ ተማሪው አንድ ፔኒ ከፍሎ በሜዳው ቆሞ ያይ ነበር። መጽሐፍ ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ተውኔቱን በጆሮው ይሰማል፣ በዐይኑ ያያል። ሴቶች በአደባባይ መድረክ ላይ መጫወት ያልተፈቀደላቸው በመሆኑ፣ የመጀመሪያይቱ ዡልየት ድምፁ ገና ያልጐረነነ ወንድ ልጅ ነበር። ደግሞም ከ1592 እስከ 1594 ድረስ ቲያትር ቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በቸነፈር ምክንያት ተዘግተው የቈዩ ስለ ነበረ፣ በተውኔቱ ውስጥ የሎሬንስን ደብዳቤ የያዘው መነኵሴ በሽታ ገብቶበታል ተብሎ በተጠረጠረ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት መቅረቱ ሲነገር፣ ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ ነገሩን ከገዛ ኑሮው ያውቀው ነበር። እንግዲህ ዛሬ በትምህርት ቤት ከባድ መጽሐፍ ሆኖ የምናገኘው ድርሰት፣ በተወለደበት ዘመን ለተርታው ሰው የቀረበ ትርኢት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባንም።

በ1642 የእንግሊዝ ፓርላማ ቲያትር ቤቶችን ዘጋ። በ1660 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ቲያትሮቹም ተከፈቱ፤ ከዚያም ወዲህ ሴቶች በመድረክ ላይ መታየት ጀመሩ። ይሁን እንጂ አዲሶቹ ተመልካቾች ሼክስፒርን እንደ ተጻፈ አልፈለጉትም። ቶማስ ኦትዌይ የተባለው ደራሲ በ1679 ገደማ ታሪኩን ወደ ጥንታዊት ሮማ ወስዶ በሌላ ስም ሲጽፈው፣ ሴቲቱ ባልዋ ሳይሞት እንድትነቃ አደረገ። በ1748 ዝነኛው ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ «ሮሚዮና ዡልየት»ን በራሱ መልክ አዘጋጅቶ ሲያቀርብ፣ ይህንኑ ትርኢት ጨመረበት፤ ሁለቱ ፍቅረኞች በመቃብሩ ውስጥ እንዲነጋገሩም አዲስ ቃል ጻፈላቸው። ሕዝቡ እጅግ ስለ ወደደው፣ ወደ አንድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በመድረክ ላይ የሚታየው የጋሪክ ፍጻሜ ነበር። የሼክስፒር ፍጻሜ በለንደን መድረክ ላይ ክብሩን መልሶ ያገኘው በ1845 አሜሪካዊቷ ሻርሎት ኩሽማን የሮሚዮን፣ እኅትዋ ሱዛን ደግሞ የዡልየትን ሥፍራ ይዘው በተጫወቱ ጊዜ ነው።

እንግዲህ በሠፈራችን ቪዲዮ ቤት ስንጮኽ ያስጮኸን ጋሪክ ነበር፤ ከጋሪክም በስተኋላ ያሉት የጥንት ኢጣሊያውያን ናቸው። የፊልሙ አዘጋጅ ዐውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን መላ ደገመው። ከዚህም አንድ ነገር እንማራለን። ይህ ተውኔት አንድም ቀን ሳይነካ የኖረ ቅርስ አይደለም። እያንዳንዱ ዘመን የሚወድደውን ጨምሮበታል፤ የማይወድደውን ቀንሶለታል። ስለዚህ ፊልም ተውኔቱን ለወጠው ብለን ብቻ ከመክሰስ ይልቅ፣ ምን ለወጠ፣ ለማንስ ብሎ ለወጠ ብለን መጠየቅ የተሻለ ነው።

የሉሚየር ወንድማማቾች የሚንቀሳቀስ ሥዕል ለሕዝብ በገንዘብ ያሳዩት በ1895 በፓሪስ ነው። ከዚያ አራት ዓመት ብቻ ቈይቶ፣ በ1899፣ ከሼክስፒር «ንጉሥ ጆን» የተወሰዱ አጫጭር ትርኢቶች በለንደን በፊልም ተቀረጹ። ፊልም ገና ድምፅ ባልነበረው ዘመን ቃሉ የሚደነቀውን ባለቅኔ ያለ ቃል ማሳየት አስቂኝ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሠሪዎቹ የሼክስፒር ስም ለአዲሱ ሥራቸው ክብር እንዲያስገኝላቸው ፈልገው ነበር። ፊልም ተናጋሪ ከሆነ በኋላ ሜትሮ ጎልድዊን ማየር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1936 ብዙ ገንዘብ አፍስሶ «ሮሚዮና ዡልየት»ን ሠራ። አዘጋጁ ጆርጅ ኩኮር ነበር። ልብሱና ሕንጻው እጅግ ያማረ ነው። ዳሩ ግን ዡልየት ሆና የተጫወተችው ኖርማ ሺረር ከ30 ዓመት በላይ፣ ሮሚዮ ሆኖ የተጫወተው ሌዝሊ ሃዋርድ ከ40 ዓመት በላይ፣ መርኩሽዮ የሆነው ጆን ባሪሞር ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ነበሩ። ጥሩ ተዋንያን መሆናቸውን የሚክድ የለም። ሆኖም አንድ የ40 ዓመት ሰው በአንድ ሌሊት ፍቅር ሲያብድ ያየ ወጣት፣ የራሱን ነገር እንዳየ አይቈጥረውም። ኩባንያውም በፊልሙ ከሰረ።

ወጣቶቹን በሌላ በር ያስገባቸው በ1957 በኒውዮርክ በሙዚቃ ተውኔትነት ቀርቦ በ1961 ፊልም የሆነው «የምዕራብ ሠፈር ታሪክ» ነው። በዚህ ውስጥ የሼክስፒር ቃል አንድም የለም። ሁለቱ ቤተ ሰቦች በኒውዮርክ ጎዳና የሚደባደቡ ሁለት የወጣት ቡድኖች ሆነዋል፤ አንደኛው በአሜሪካ የተወለዱት ነጮች፣ ሁለተኛው ከፖርቶ ሪኮ የመጡት ስደተኞች ናቸው። ዡልየትን የተካችው ማሪያም በመጨረሻ አትሞትም፤ የፍቅረኛዋን ሬሳ ታቅፋ ሁለቱን ቡድኖች ትወቅሳለች። ጥፋቱ እዚህ ላይ ከአባቶች እጅ ወጥቶ በድህነትና በዘር ጥላቻ ላይ ወደቀ። ፊልሙ 10 የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ በ2021ም ስቲቨን ስፒልበርግ እንደ ገና ሠርቶታል።

በ1968 ኢጣሊያዊው ፍራንኮ ዜፊሬሊ ያወጣው ፊልም ግን የሼክስፒርን ቃልና የወጣቶቹን ዕድሜ በአንድነት ለማስታረቅ ሞከረ። ዡልየትን ኦሊቪያ ሃሲ፣ ሮሚዮን ሌናርድ ዋይቲንግ ሆነው ሲጫወቱ፣ ፊልሙ በሚሠራበት ጊዜ ሁለቱም 18 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ትርኢቱም በስቱዲዮ ካርቶን ሳይሆን በኢጣሊያ አሮጌ ከተሞች የድንጋይ መንገድ ላይ፣ በአቧራና በፀሐይ ውስጥ ተቀረጸ። ዓመቱ በፓሪስና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞች ተማሪዎች በአባቶቻቸው ሥርዐት ላይ የተነሡበት ዓመት ነበር። በፊልሙ ሽማግሎች ባቈዩት ጠብ ልጆች ሲያልቁ ያየ የዘመኑ ወጣት፣ ነገሩን ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንደ ተጻፈ አድርጎ አልተመለከተውም። የኒኖ ሮታ ዜማ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ በየአገሩ ተሰማ፤ ፊልሙም በሥዕል ቀረጻና በልብስ ዝግጅት ሁለት የኦስካር ሽልማት ወሰደ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ትምህርት ቤቶች ተውኔቱን የሚያስተምር መምህር ከመጽሐፉ ጋራ የሚያሳየው ይህንን ፊልም ሆነ።

የዚህ ስኬት ዋጋ ግን በሁለት መንገድ ተከፍሏል። አንደኛው ዋጋ በመጽሐፉ ላይ የወደቀው ነው። ከሼክስፒር ቃል ከግማሽ የሚበልጠው ተቈርጧል። ዡልየት መድኀኒቱን ከመጠጣትዋ በፊት በመቃብር ውስጥ ብቻዋን ብትነቃ የሚደርስባትን እያሰበች የምትንቀጠቀጥበት ረጅም ንግግር በፊልሙ የለም። ደግሞም በተውኔቱ ሮሚዮ በመቃብሩ ደጃፍ ፓሪስን ይገድለዋል፤ ይህ ትርኢት በፊልሙ ጨርሶ ወጥቷል። ሁለተኛው ዋጋ በልጆቹ ተዋንያን ላይ የወደቀው ነው። ሁለቱ ተዋንያን ካረጁ በኋላ፣ በ2022 መጨረሻ፣ ገና ልጆች ሳለን ራቁታችንን ተቀርጸናል፤ ይህም ከተነገረን ውጭ ነው ብለው በካሊፎርንያ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ዜፊሬሊ በ2019 ስለ ሞተ መልስ ሊሰጥ አልቻለም፤ ዳኛዋም በ2023 ክሱን ዘጉት። ኦሊቪያ ሃሲ በ2024 ዐረፈች። የሕጉ ነገር እንዲህ ተፈጸመ። ነገር ግን ዐዋቂዎች ስለ ልጆች በሚወስኑት ነገር የሚደርሰውን ጕዳት የሚናገር ተውኔት ሲሠራ፣ በሥራው ውስጥ የነበሩት ልጆች ራሳቸው እንዲህ ያለ አቤቱታ ማቅረባቸው መምህርንም ተማሪንም ሊያሳስብ ይገባል።

በ1996 አውስትራልያዊው ባዝ ለርማን ያወጣው ፊልም ከሁሉም የበለጠ ደፋር ነው። ቬሮና በባሕር ዳር ያለች የዘመናችን ከተማ ሆናለች። ሁለቱ ቤተ ሰቦች በሰማይ ጠቀስ ሕንጻ የሚፎካከሩ ነጋዴዎች ናቸው። ልጆቹ ሰይፍ አይታጠቁም፤ ሽጕጥ ይዘው በመኪና ይዞራሉ፤ በሽጕጡ ላይ ግን የሰይፍና የጩቤ ስም እንደ ፋብሪካ ምልክት ተጽፎበታል። የተውኔቱን መቅድም የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ታነበዋለች። ሌዎናርዶ ዲካፕሪዮና ክሌር ዴንስ ግን ይህ ሁሉ ዘመናዊ ነገር በከበባቸው ጊዜ እንኳ የሚናገሩት የሼክስፒርን ቃል ነው። እኛ በቪዲዮ ቤቱ ያየነው ይህንን ነው። በዚህም ፊልም ፓሪስ በሮሚዮ እጅ አይሞትም።

ስለዚህ በተማሪዎች ዘንድ የእነዚህ ፊልሞች መወደድ ምክንያቱ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ፊልም ማየት ከማንበብ ስለሚቀል ነው የሚል ነው። ይህ ብቻ ቢሆን የ1936ቱም ፊልም በተወደደ ነበር። እንደሚመስለን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ፊልሞቹ ለባለታሪኮቹ ዕድሜያቸውን መለሱላቸው። በአሜሪካ ብዙ ተማሪዎች ይህን ተውኔት የሚማሩት በ9ኛ ክፍል፣ በ14 ወይም በ15 ዓመታቸው ነው። መጽሐፉን በብዙ ማብራሪያ ተከብቦ የሚያገኘው ተማሪ፣ ዡልየት ከእርሱ በዕድሜ የምታንስ መሆንዋን ላያስተውል ይችላል፤ ፊልሙ ግን በአንድ ጊዜ ያሳየዋል። በእኛም አገር ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። የዡልየት እናት በአንቺ ዕድሜ እኔ ልጅ ወልጄ ነበር የምትል መሆንዋን ስናነብ፣ ከአያቶቻችን አፍ የሰማነው ንግግር ትዝ ይለናል። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕጋችን ለጋብቻ 18 ዓመት እንዲሞላ ያዘዘው ስለዚሁ ነው። ደም የተቃቡ ወገኖችን በሽማግሌ ማስታረቅ ለሚያውቅ ሕዝብም የሞንታግና የካፑሌት ጠብ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዕድሜው ቀጥሎ ያለው ምክንያት ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ብሩክ በመቅድሙ ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ላይ ጫነ፤ ሼክስፒር ለሁሉም አከፋፈለው፤ ዘመናዊዎቹ ፊልሞች ደግሞ አብዛኛውን ወደ አባቶች አዛወሩት። ፓሪስ በሮሚዮ እጅ የማይሞት ከሆነ፣ ሮሚዮ ባንድ ንጹሕ ሰው ደም ሳይጠየቅ ይቀራል። ፓሪስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያጫትን ልጅ መቃብር በአበባ ሊያስጌጥ በሌሊት የመጣ ኀዘንተኛ ነበር። ይህ ትርኢት በመጽሐፉ ሲነበብ ተማሪው የሚወድደውን ጀግና እጅ በደም ተነክሮ ያያል፤ ልቡም ይከፈላል። በፊልሙ ግን ልቡ ሳይከፈል አልቅሶ ይወጣል። ወጣትን ንጹሕ አድርጎ፣ ሽማግሌን ብቻ ጥፋተኛ አድርጎ የሚያሳይ ሥራ ወጣቱን ደስ ያሰኘዋል፤ ሆኖም የብሩክን መቅድም ገልብጦ ከመድገም አላለፈም። የአንድ ወገን ፍርድ ከየትም ወገን ቢመጣ ያው የአንድ ወገን ፍርድ ነው።

የዡልየትም መንቃት እንደዚሁ ነው። በፊልሙ ዐይንዋን ስትገልጥ እኛ ጮኸን፤ ሮሚዮም መንቃትዋን ዐውቆ ሞተ። በሼክስፒር ዘንድ ግን በመድረኩ ላይ ካሉት አንድም የሚያውቅ የለም። ሮሚዮ ጕንጭዋና ከንፈርዋ ገና እንዳልገረጣ እየተናገረ እንኳ ነገሩን አይመረምርም። በሕይወት መኖርዋን የሚያውቀው ተመልካቹ ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ነገር ለማድረግ ሳይችል። መጽሐፉን ስናነብ መጀመሪያ ይህ ነገር የጐደለ መስሎን ቅር ብሎን ነበር። እየደጋገምን ባነበብነው መጠን ግን፣ ዝም ብሎ ማወቅ ከመጮኽ የበለጠ እንደሚከብድ ተረዳን። ፊልሙ እንባ ሰጠን፤ መጽሐፉ ደግሞ ያ እንባ ለምን እንደ ፈሰሰ ነገረን። ይሁን እንጂ ፊልሙን ባናይ ኖሮ ወደ መጽሐፉ ባልተመለስን ነበር። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ታሪክ ለመምህራን አንድ ተግባር የሚያመለክት ይመስለናል። ፊልሙን መከልከል አያስፈልግም፤ አሳይቶ መተውም አይበቃም። መምህሩ የመቃብሩን ትርኢት ካሳየ በኋላ የዚያኑ ትርኢት ጥቂት ገጾች በመጽሐፉ ቢያስነብብ፣ ቀጥሎም በፊልሙ የቀረው ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው ሳይታዘዝ የሼክስፒርን ቃል ይፈልጋል። ፓሪስን ያገኛል፤ በበሽታ ምክንያት የተዘጋበትን መልእክተኛ ያገኛል፤ በ2020 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በቤቱ የቈየ ተማሪ ያን መልእክተኛ ከብዙ ሊቃውንት በተሻለ ይረዳዋል። መጽሐፉ ሦስት ብቻ በሆነበት ክፍል እንኳ ይህን ማድረግ ይቻላል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው መስማት ይችላልና። ተውኔቱም ሲጻፍ የታሰበው ለሚሰማ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ተማሪው ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱን ከፊልም አዘጋጅ አይበደርም። አባትየውን፣ መነኵሴውን፣ መስፍኑንና ሁለቱን ልጆች በፊቱ አቁሞ ራሱ ይመዝናል። አንዱ ተማሪ በአባትየው ይፈርድ ይሆናል፤ ሌላው በሮሚዮ ችኰላ ይፈርድ ይሆናል፤ በክፍሉም ውስጥ ክርክር ይነሣል። ያ ክርክር በተነሣበት ክፍል ደግሞ መምህሩ የከባድ ቃላትን ፍች በሰሌዳ መጻፍ ባያቆም እንኳ፣ ተማሪው ቃሉን የሚፈልገው ለፈተና ብቻ መሆኑ ይቀራል። በቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሆነን «አትጠጣ!» ብለን የጮኽነው ልጆችም ሳናውቀው የዳኝነቱን ወንበር ይዘን ነበር። የቀረን የክሱን መዝገብ በሙሉ ማንበብ ብቻ ነበር።